ቁጥሩና ጥቁሩ፤ ከሱሉልታ እስከ ሰበታ

ወደ ሰበታ የወሰደችኝ አንዲት ቃል ናት፤ እሷንም ተሳስቼ ነው የሰማኋት። ይህን ገና ከመነሻው የምናገረው፣ አንባቢ ኋላ ላይ «ይህቺን ሴትዮ ምን ነካት?» እንዳይል ነው። ያን ሰሞን በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ ከተሞች ከተማዋን ወደ ገበሬው መሬት ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን ምክንያት እየታመሱ ነበር፤ ስልክም አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይጠፋል። እኛ ደብረ ማርቆስ ሆነን የሚደርሰን ወሬ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ወሬ አላምንም፤ ወሬ ነጋሪውንም አላምንም።

የደወሉልኝ ጋሼ ዳባ ናቸው። ሰበታ ላይ ሁሉም ኦቦ ዳባ ይሏቸዋል፤ ለእኔ ግን ልጅ ሆኜ እንደጠራኋቸው ጋሼ ናቸው። ደብረ ማርቆስ የሂሳብ አስተማሪ ሆነው ሲኖሩ የእኛን ግቢ ተከራይተው ነበር፤ መቁጠር ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ወደ ተወለዱበት ቤት ተመለሱ። ያንን ቤት አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በአንድ ወቅት ሰበታ ድረስ ሄዶ ፎቶ አንስቶላቸው ነበር። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው፤ ቤቱ በኖራ የነጣ፣ ሰማዩ እንደ ከሰል የጠቆረ፣ ደመናው ተቆርጦ የተለጠፈ የሚመስል። ለዚያ ሰማይ ሲሉ ሰዎች ከቢቸናና ከደጀን ድረስ እየመጡ አባቴ ዘንድ ይነሱ ነበር።

ምስጢሩ ቀይ መስታወት ነው። አባቴ ካሜራው አፍ ላይ የሚገጥማቸው አራት ባለቀለም መስታወቶች ነበሩት፤ ቢጫ፣ ብርቱካን፣ ቀይና አረንጓዴ። ፊልተር ይላቸዋል። ቀዩ መስታወት ቀይ ብርሃን ያሳልፋል፣ ሰማያዊውን ያስቀራል፤ ስለዚህ ፊልሙ ላይ ሰማይ ይጠቁራል፣ ቀይ ነገር ሁሉ ደግሞ ይነጣል። አረንጓዴው ግልባጩን ነው የሚሠራው፤ ቀዩን ያጠቁረዋል። ዛሬ ፊልም የለም። እኔ በዲጂታል ካሜራ በቀለም አነሳና፣ ላፕቶፑ ላይ ቀለሙን አጥፍቼ፣ የትኛው ቀለም ይንጣ፣ የትኛው ይጥቆር የሚለውን በማውስ እየገፋሁ እወስናለሁ። የአባቴን ሰማይ በዚህ መንገድ ለማምጣት ስንት ዓመት ለፋሁ። መጥቆሩንስ ይጠቁራል፤ ግን የእሱን ያህል አይከብድም።

«የሺ፣» አሉኝ ጋሼ በስልኩ ጩኸት መሀል፣ «የእህቴን፣ የወንድሜንና የእኔን ቤት መጥተሽ አንሺልን፤ ሳይፈርስ። የእኔን በተለይ ከነጥቁሩ አንሺው። አደራ፣ ከነጥቁሩ።» መስመሩ ተቋረጠ።

ጥቁሩ የአባቴ ሰማይ ነው ብዬ ወሰድኩት። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ቢሆንም ነገሩ አልተዋጠልኝም። ሰበታ ፎቶ አንሺ ጠፍቶ ነው እኔ ከዚህ የምጠራው? ሰው ከቤቱ በማይወጣበት ሰሞንስ ለምን? ልቤን ቅር እያለው ካሜራውን፣ ላፕቶፑንና ባለሦስት እግሩን ስታንድ ጠቀለልኩ።

የመጀመሪያው ቀን

አውቶቡሱ ጎህ ሲቀድ ከመናኸሪያ ወጣ። ከጎኔ የተቀመጠው ጎልማሳ ደጀን ሳንደርስ ስሜን፣ ሥራዬንና የምወርድበትን ጠይቆ ጨርሷል። ይህን ያህል የሚጠይቅ ሰው ደመወዝ የሚከፈለው ለዚሁ ነው ብዬ ስላሰብኩ፣ የያዝኩት የልብስ ስፌት መኪና ነው፣ የምሄደውም ልጄን ልጠይቅ ነው አልኩት። ዓባይ በረሃ ጠመዝማዛው ላይ ሲያጥወለውለኝ ሎሚ ከሁለት ቆርጦ ግማሹን ሰጠኝ። ተቀብዬ የተነካካ እንዳይሆን ብዬ አገላብጬ አሸተትኩት። አየኝና የቀረውን ግማሽ ራሱ መጠጠው። በጣም አፈርኩ። ጫንጮ ላይ ሲወርድ ጎንበስ ብሎ፣ «እመቤት፣ የስፌት መኪናዎ እግር ወጥቷል፤ ይሸፍኑት» አለኝ። እውነትም የስታንዱ እግር ከጨርቁ ሾልኮ ወጥቶ ኖሯል።

ሱሉልታ ሜዳ ነው። የእኛ አገር ብርድ እርጥብ ነው፣ አጥንት ውስጥ ገብቶ ይተኛል፤ የሱሉልታው ደረቅ ነው፣ ጆሮ ይቆርጣል። የተከመረው ድርቆሽ ከሩቅ ሲያዩት ሌላ መንደር ይመስላል። የጋሼ ዳባ እህት ሎሚ፣ አገሬው በአክብሮት አዴ ሎሚ የሚላቸው፣ መንገድ ዳር ድረስ ወጥተው ጠበቁኝ። «ወተት አገር በጾም መጣሽ» ብለው ሳቁብኝና ጨጨብሳ በዘይት አቀረቡልኝ። እኛ ጋ እንግዳ ሦስት ጊዜ «ብላ» ይባላል፤ እዚህ አይባልም፤ ሳህኑ ሲጎድል ዝም ብሎ ይሞላል። ስንት ጊዜ እንደተሞላ አላውቅም።

ቤታቸው በፋብሪካ ግንብና በገብስ ማሳ መሀል ቀርቷል። ነጩ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም አንድ ፊደልና ቁጥር ተጽፎበታል። ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኩ።

«ቆጥረውን ነው» አሉ አዴ ሎሚ። «ቁጥር ያለው ተመዝግቧል፣ ቢያስነሱትም ምትክ ቦታ ያገኛል ይላሉ። ቁጥር የሌለው ጨረቃ ቤት ነው።»

ጨረቃ ቤት የሚሉት ያለ ፈቃድ በጨረቃ ተሠርቶ ያደረውን ነው። «እኔ እዚህ ቤት ስድስት ልጅ ወልጃለሁ» አሉ። «ቁጥሩ ከጠፋ ግን ትናንት ማታ ነው የሠራሽው ይሉኛል።»

ስታንዱን ዘርግቼ ካሜራውን ስሰካበት ሦስት ሰዎች ዱላቸውን ይዘው ከማሳው ማዶ መጡ። አንደኛው ለአዴ ሎሚ በኦሮምኛ ተናገራቸው፤ ከንግግሩ የገባኝ «ቀያሽ» የሚለው ብቻ ነው። ነገሩ ኋላ ነው የተገለጠልኝ፤ ቀያሾችም መሬት ሲለኩ መሣሪያቸውን እንዲሁ ባለሦስት እግር ላይ ነው የሚያቆሙት። «ማል በርባዳ?» አለ ወደ እኔ ዞሮ፤ ምን ትፈልጊያለሽ ማለቱ ነው።

አዴ ሎሚ መሀላችን ገብተው ብዙ ተናገሩ። ከዚያ ለእኔ በአማርኛ፣ «የዳባ ልጅ ናት አልኳቸው» አሉኝ።

«እኔ እኮ ልጃቸው አይደለሁም።»

«ዝም በይ፣ አሁን ነሽ።»

ሰውየው በካሜራው ካላየሁ አለ። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየ፤ ያየው ያንኑ ቤት ነው፤ አላመነም። «ሜትሩስ? ሜትሩ የት ጋ ነው የሚታየው?» አለኝ። ሜትር የለውም ብለው ምን ዋጋ አለው፤ ያልታየ ሜትር የተደበቀ ሜትር ነው። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም አላምነኝም ነበር። ስታንዱን አጥፌ ካሜራውን በእጄ ይዤ አነሳሁ፤ ከዚያ በኋላ በመንገዴ ሁሉ አልዘረጋሁትም።

ሲመሻሽ ፎቶውን ላፕቶፑ ላይ ከፈትኩ። ቀለሙን አጥፍቼ እንደ ቀይ መስታወት አድርጌ ስገፋው ሰማዩ ጠቆረ፣ ግድግዳው ደግሞ ንጹሕ ሆኖ ቀረ። በደስታ ወደ አዴ ሎሚ አዞርኩት።

«ቁጥሩስ?» አሉ።

«ቀይ ስለሆነ ነው፤ በቀይ ፊልተር ይነጣል፣ ከኖራው ጋር አንድ ይሆናል።»

«መልሺው።» ፊታቸው ላይ ሳቅ አልነበረም።

ወደ አረንጓዴው ስገፋው ቁጥሩ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ወጣ፤ ሰማዩ ግን ገረጣ። «ሰማዩ ተበላሸ እኮ» አልኳቸው። «ሰማዩን ማንም አይወስድብኝም» አሉ። እንዳሉት አስቀመጥኩላቸው፤ በልቤ ግን ፎቶ አያውቁም ብዬ አማኋቸው።

ሁለተኛው ቀን

ከሱሉልታ እንጦጦን ወርጄ፣ መርካቶን አቋርጬ፣ በአስኮ በኩል ቡራዩ ደረስኩ። ታክሲው ውስጥ ማንም አይናገርም። እኛ አገር ዝም ያለ ሰው ያዘነ ሰው ነው፤ እዚህ ዝም ያለ ሰው እየሰማ ያለ ሰው ነው። ረዳቱ እንኳ መውረጃችንን የሚጠይቀን በአገጩ ነበር።

የጋሼ ዳባ ታናሽ ወንድም ኦቦ ጉተማ አናጢ ናቸው፤ ቁመታቸው ረጅም፣ ንግግራቸው አጭር። ሱቆቹ ሁሉ ተዘግተዋል። ግድግዳቸውን ከነቀይ ቁጥሩ በጥድፊያ ሁለት ጊዜ አንስቼ ወደ ቤት ገባሁ። ወዲያው ኦቦ ጉተማ ወጡና የውጭውን በር በጓጉንቸር ሲቆልፉት ሰማሁ። እግራቸው ራቀ። ብቻዬን ተቆለፈብኝ።

ያን ጊዜ ያላሰብኩት ነገር የለም። አሳልፈው ሊሰጡኝ ነው አልኩ፤ ለማን እንደሆነ ግን ራሴም አላወቅኩም። በኋለኛው በኩል መስኮት እየፈለግሁ ሳለ፣ እሳቸው በጓሮ አጥር ዘለው፣ ሱሪያቸው ላይ ጭቃ ይዘው ገቡ። «ከውጭ ሲቆለፍ ሰው የለም ይላሉ» አሉኝ። «ለሰልፍ ውጡ የሚሉትም አያንኳኩም፣ ለምን ወጣችሁ የሚሉትም አያንኳኩም። አርፈሽ ብዪ።» የደረቀ ዳቦና የተልባ ጭማቂ አቀረቡልኝ። አልጋቸውን ለእኔ ሰጥተው እሳቸው መላጊያው ጠረጴዛ ላይ ተኙ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ፈልጌ ነበር፤ ግን ምን አስቤ እንደነበር ሳልናገር እንዴት ብዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ?

መብራት ጠፍቶ ስለነበር ላፕቶፑ ሞቶ አደረ። የእሳቸውም ፎቶ ካሜራው ሚሞሪ ላይ ብቻ ነበር።

ሦስተኛው ቀን

ጠዋት ከቡራዩ ስንወጣ ኬላው ላይ አስወረዱን። ዩኒፎርም የለበሰ ወጣት ቦርሳዬን ከፈተ። ሰው አልሰደበም፣ አልጮኸም፤ «እናቴ፣ ካሜራውን ያብሩልኝ» ነው ያለው። አንድ በአንድ አየ። የኦቦ ጉተማ ግድግዳ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይህ ቁጥር ምን ያደርግልዎታል?»

«ቤቱን ነው ያነሳሁት።»

«ቤቱማ ቤት ነው። ቁጥሩን ለማን ሊልኩት ነው?»

ለማንም አልኩ። እያየሁት ቁጥር ያለባቸውን ሁሉ አጠፋ፤ የአዴ ሎሚንም ጭምር። የእሳቸው ቅጂው ላፕቶፑ ውስጥ አለ፤ የኦቦ ጉተማ ግን ጠፋ። «ዳግመኛ ከነቁጥሩ ባገኝ ካሜራው አይመለስልዎትም» አለኝና መንገዱን ለቀቀልኝ። ታክሲው ውስጥ ተመልሼ ገባሁ።

እዚያው ታክሲ ውስጥ ሆኜ ነው ጥፋቱን የሠራሁት። ካሜራዬ ራሱ የጥቁርና ነጭ ምርጫ አለው፤ ቀይ ፊልተርም አለው። እንዲያ ከተደረገ ፎቶውን የሚያስቀምጠው ጥቁርና ነጭ አድርጎ ነው፤ ቀለሙን ለዘለዓለም ይጥለዋል፣ ኋላ በላፕቶፕ ወደ አረንጓዴ ልግፋህ ቢሉት የሚገፋ ነገር የለውም። ሙያዬ ነውና ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። ግን እንዲያ ከሆነ ኬላው ላይ ማንም ቢያይ ቁጥር አያገኝብኝም። ጋሼም ጥቁሩን ሰማይ አይደል የጠየቁኝ? ለፍርሃቴ ጥሩ ምክንያት አገኘሁለት። አስተካከልኩትና ቦርሳዬን ዘጋሁ።

በአየር ጤና አድርጌ ዓለም ገና፣ ከዚያ በባጃጅ ሰበታ። ጋሼ ዳባ አርጅተዋል፤ ድምፃቸው ግን ያው ሰሌዳ ፊት የሚቆም ድምፅ ነው። «ናጋ? አካም ጅርታ?» ብለው ከሳሙኝ በኋላ በአማርኛ፣ «የአባትሽን ግንባር ይዘሽ ቀረሽ» አሉኝ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከልጃቸው ከቶሎሳ ጋር ብቻቸውን ናቸው። ቶሎሳ ሃያ አምስት የሚሆነው ወጣት ነው፣ የኮሌጅ ተማሪ ነበር፤ ትምህርቱ ተቋርጦ ቤት ተቀምጧል። ሽሮውን የሠራው እሱ ነው፤ ከብዙ ሴቶች ሽሮ ይሻላል። እያቀረበልኝ ግን ዓይኑን ከካሜራዬ አልነቀለም።

«ማን ልኮዎት ነው የመጡት?» አለኝ።

«አባትህ።»

«ከአባቴ ሌላስ?»

«ቶሎሳ» አሉ ጋሼ፤ እሱም ሳህኔን ሞላው።

ቤቱ ውስጥ የአባቴ ፎቶ ተሰቅሏል። ከልጅነቴ ወዲህ አላየሁትም ነበር። ቀረብ ብዬ ሳየው ከሰማዩ ጥግ ላይ የጣት ቅርጽ ያለው ገርጣ ያለ ጥላ አየሁ። አባቴ ፎቶውን ሲያጥብ ቤቱን በእጁ ከልሎ ለሰማዩ ብቻ ተጨማሪ ብርሃን ሰጥቶታል፤ ወረቀቱ ላይ ብርሃን የበዛበት ይበልጥ ይጠቁራልና። ለካ ቀዩ መስታወት ብቻ አልነበረም። ስንት ዓመት ያጣሁት ክብደት የእጁ ጥላ ነው። እኔንም ልጁን አላመነኝም ማለት ነው፤ አልነገረኝም። ተናደድኩበት፣ ናፈቀኝም።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ ኮታቸውን ለብሰው ወጡ። ግድግዳው ላይ አንድ የቆርቆሮ ቁራጭ ተደግፎ ነበር፤ በጥንቃቄ አንስተው ወደ ጎን አደረጉት። ከሥሩ ቀዩ ቁጥር ወጣ፤ ሰ 417። ከአጠገቡ እንደ ወታደር ቀጥ ብለው ቆሙ። እኔ ቆርቆሮው ፎቶ እንዳያበላሽ ያነሱት መስሎኝ አመሰገንኳቸው። አምስት ጊዜ አነሳሁ። ካሜራው መስኮት ላይ ሳየው ሰማዩ ጥቁር፣ ግድግዳው ነጭ፣ ጋሼም ከባዶ ግድግዳ አጠገብ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ላሳያቸው ስል፣ «ይቆይ፣ ነገ መነጽሬን ሳደርግ» አሉኝ። ቆርቆሮውን መልሰው አስደገፉት። ቶሎሳ በረንዳው ላይ ሆኖ ሁላችንንም ያያል።

አራተኛው ቀን

ጠዋት ስነሳ ጋሼ ዳባ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ቆርቆሮው ወድቋል። ቁጥሩ የነበረበት ቦታ ኖራው ከነቀለሙ ተፍቆ ቡናማው ጭቃ ወጥቷል።

«ተመስገን ነው» አሉኝ ቀና ብለው። «ተመስገን ነው፣ ትናንት አንስተሽዋል። ነገ የማዘጋጃ ቤቱ መዝጋቢ ዘንድ እሱን ይዤ እቀርባለሁ። እስኪ አሳዪኝ።»

«ባትሪው ሞቷል» ብዬ ዋሸሁ።

«ይኸው መብራት መጥቷል፤ ሰኪው።» ሌላ ውሸት አላገኘሁም። ካሜራውን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ካሜራውን ዞር አድርገው ደግመው አዩት።

«ቁጥሩስ?»

«ጋሼ፣ እርስዎ ከነጥቁሩ አንሺው አሉኝ እኮ። የአባቴን ሰማይ መስሎኝ...»

«ከነቁጥሩ ነው ያልኩሽ።» እንደ ክፍል ውስጥ ፊደሉን ነጣጠሉት። «ቁ፣ ጥ፣ ሩ። ከነቁጥሩ። ቁጥር ያስተማርኩሽ እኔ፣ ቁጥር ስልሽ ጥቁር ትሰሚያለሽ?»

ያለቀስኩት ስለተሳሳትኩ አይደለም። ስልኩ ይቆራረጥ ነበር፣ ስህተቱ የሰው ነው። ያለቀስኩት ታክሲው ውስጥ ያደረግኩትን ስለማውቅ ነው። ሱሉልታ ላይ አዴ ሎሚ ነግረውኛል፤ ቁጥሩ ምን እንደሆነ እያወቅሁ፣ ለካሜራዬ ፈርቼ አጠፋሁት። ይህንንም ነገርኳቸው፤ ሳላስቀር።

ጋሼ ወደ ቶሎሳ ዞሩ። «የፋቀውን ሰው ጓደኞችህን ጠይቀህ እወቅ።»

ቶሎሳ እጁን ኪሱ ከትቶ ቆሞ ነበር። አወጣው። ጥፍሮቹ ሥር ኖራ አለ። «አልጠይቅም፣ አባ። እኔ ነኝ።»

«አንተ?»

«ቁጥር ያለው ቤት የተሸጠ ቤት ነው። ቁጥራችንን አቅፈን ምትክ ከጠበቅን፣ ውሰዱን ብለን ፈርመን የለም ወይ? ጓደኞቼ በዚህ ምክንያት ታስረው እኔ በቆርቆሮ ሸፍኜ ላስቀምጠው?»

«አያትህ የተቀበረው ከዚህ ማዶ ነው» አሉ ጋሼ። ድምፃቸው አልጨመረም። «ነገ ይህ ቤት ጨረቃ ቤት ነው ሲሉኝ አንተ ምን ትላቸዋለህ? ፋቅሁት ትላቸዋለህ?»

ቶሎሳ ወደ እኔ ዞረ። «በአንድ ቁጥር ላይ ሁለት ሰው ነው የዘመተበት» አለ። «እኔስ በአካፋ፤ አንቱ ግን ሳይነኩት።» ይህን ሲል አልተሳለቀብኝም። ከመጣሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያመነኝ መሰለኝ።

ላፕቶፑን ከፈትኩ። ቀለም የለም፤ የሚገፋ አረንጓዴ የለም። አንድ ተስፋ ብቻ ነበረኝ። በቀይ ፊልተር ቀዩ ከኖራው ጋር አንድ ይሆናል እንላለን እንጂ ፍጹም አንድ አይሆንም፤ ነጭና ከነጭ አንዲት ፍሬ የጠቆረ ነጭ ነው። ግድግዳውን ብቻ ለይቼ፣ የነጭና የነጭ ልዩነቱን መለጠጥ ጀመርኩ። መጀመሪያ የኖራው ስንጥቅ ወጣ። ቀጥሎ የብሩሽ መስመር። ቀትር አልፎ አንገቴ እስኪደነዝዝ ሠራሁ፤ ቶሎሳ ሻይ እያመጣ ከኋላዬ ይቆማል። ወደ ስምንት ሰዓት ገደማ አንድ ግራጫ ነገር እንደ ድሮ ቁስል ጠባሳ ብቅ አለ። አራት። አንድ። ሰባት። ሰ ግን ግማሿ ነው የወጣችው።

ጋሼ ጣታቸውን አስጠግተው ቁጥሩን አንድ በአንድ አነበቡት፤ ስልኩ ላይ ባልተናገሩበት ቀስታ። ቶሎሳ ግን ራሱን ነቀነቀ። «ማን ያምናል? አንቱ የጻፉት ነው የሚመስለው።»

ልክ ነው። እውነተኛው ቁጥር ከሐሰት የባሰ ሐሰት ይመስል ነበር።

አምስተኛው ቀን

ዓለም ገና አንድ ፎቶ ቤት በጓሮ በር ከፍቶ አጠበልኝ። ባለቤቱ የሙያ ጓደኛዎ ነኝ ብሎ ዋጋ አልቀበልም አለ፤ ወረቀቱን ግን በጋዜጣ ጠቅልሎ ነው የሰጠኝ፣ ስሙንም አልነገረኝም። እኛ ጋ ስም ሳይለዋወጡ መለያየት ነውር ነው።

መዝጋቢው ጠባብ ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ የደከመው ሰው ነው። ጋሼ ሁለቱንም ፎቶ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ፤ ካሜራው ያነሳውንና እኔ ለጥጬ ያወጣሁትን። ሰውየው አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ።

«አንዱ ላይ የለም፣ አንዱ ላይ አለ» አለ። «የትኛው ነው በኮምፒውተር የተሠራው?»

«ሁለቱም» አልኩ።

ጋሼ ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ በኋላ ማቆም አልቻልኩም። ካሜራው ያነሳው ላይ ቁጥሩ የጠፋው እኔ ስላጠፋሁት ነው፣ ያጠፋሁትም ፈርቼ ነው፣ ይህኛው ደግሞ ያጠፋሁትን መልሼ ያወጣሁት ነው አልኩ። እንዲህ ያለውን ነገር ቤቴም ውስጥ ተናግሬ አላውቅም።

«እንግዲህ እናቴ፣» አለ ሰውየው፣ «ማጥፋት የሚችል ሰው መጻፍም ይችላል። የቱን ልመን?»

«እኔን።»

ሰውየው ፈገግ ያለ መሰለኝ፤ ልምል አልችልም። ሁለቱንም ፎቶ አንድ ላይ በስቴፕለር መታና ፋይል ውስጥ ከተተ። «ይታያል» አለ። እኛ አገርም ይታያል ይባላል፤ ትርጉሙም አንድ ነው።

ጋሼ መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። ቶሎሳ ስታንዱን ተሸክሞልኝ ነበር፤ ከባጃጅ ሲያወርደው ሰዎች ዞር ብለው ሲያዩት፣ «ቀያሽ አይደለሁም» አላቸው። ያን ጊዜ ሦስታችንም ሳቅን። አዲስ አበባ አድሬ በማግሥቱ ደብረ ማርቆስ ገባሁ። መንገዱን ሁሉ ከጎኔ የተቀመጠችውን ሴት ምንም አልጠየቅኋትም፣ እሷም አልጠየቀችኝም፤ አውቶቡስ ውስጥ ሎሚ የሰጠኝ ሰውዬ ግን ትዝ አለኝ።

ቤት ከገባሁ በኋላ

የገና በዓል ካለፈ በኋላ ማስተር ፕላኑ ቀርቷል የሚል ዜና መጣ። ሰፈራችን ሁሉ ደስ አለው። እኔ አላመንኩም፤ ግን ደስ እንዳይለኝ ማድረግ አልቻልኩም። ከሳምንት በኋላ ጋሼ ዳባ ደወሉ። መስመሩ ያው ነበር፣ አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይጠፋል። ቶሎሳ ደህና ነው፣ ግድግዳውን ራሱ ኖራ ቀብቶታል አሉ። ከዚያ በጩኸቱ መሀል፣ «ከአባትሽ ፎቶ አጠገብ የምሰቅለው፣ ያንን... ሩን ላኪልኝ» ሲሉ ሰማሁ።

«ጋሼ፣ ጥቁሩን ነው ወይስ ቁጥሩን? ፊደል በፊደል ይንገሩኝ።»

መስመሩ ጠፋ። የተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ ድምፃቸው ጥርት ብሎ መጣ።

«ሁለቱንም ላኪው» አሉ። «የትኛው እንደሚያስፈልገኝ ገና አላወቅሁም።»

አንድ ፍሬም አዘጋጀሁ። ከፊት ጥቁሩን ሰማይ፣ ነጩን ግድግዳና ቀጥ ብለው የቆሙትን ጋሼን አደረግኩ፤ ሰማዩንም በዚህ ጊዜ የአባቴን የእጅ ጥላ አስመስዬ በጥጉ በኩል አክብጄዋለሁ። ከኋላው፣ ከካርቶኑ በስተውስጥ፣ ቁጥሩ ያለበትን አስገባሁ። ከዚያ ምስማሮቹን መታሁ።